ጥቁሩን አስቀምጠው

ሃያ ሁለት ዓመት ከፒያሳ እስከ ሆጤ የሱቅ ስም ስጽፍ ኖሬያለሁ፣
ጎማ ጥገናውን፣ ጸጉር ቤቱን፣ የሥጋ ቤቱን በሬ ሥያለሁ፤
መጀመሪያ ጥቁር መስመር፣ ከዚያ ውስጡን መሙላት፣
እጄ ሌላ መንገድ አያውቅም፣ አያውቅም ሌላ ብልሃት።

አሁን ሰዓዳ፣ የመጨረሻ ልጄን የምታክል፣
ከሥዕል ትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ቧንቧ ውሃ አንድ ክፍል
ተከራይታ፣ "ጋሽ ይመር፣ ጥቁሩን አስቀምጠው" አለችኝ፤
ያለ ጨው ወጥ ሥራ የተባልኩ መሰለኝ።

የምገለብጠው ሥዕል ከአሮጌ ካሌንደር የተቀደደ፣
ምስማር አናቱን የበሳው፣ ጠርዙ በሻማ የነደደ፤
ሁለት ፈረንጅ ሴቶች ወንዝ ዳር፣ አንዷ ጃንጥላ ይዛ፣
ሌላዋ እግሯን ውሃ ውስጥ ሰዳ፣ በሐሳብ ፈዛ።
ፊት የላቸውም። ሦስት ጊዜ በብሩሽ ነካ፣ ጨረሰ፤
ሠዓሊው ምን አጣደፈው? ዝናብ ደረሰ?

ልጅ ሳለሁ ለኩረጃ በአለንጋ የተገረፍኩ፣
ኮርጅ ተብዬ በሃምሳ ዓመቴ እርሳስ ቀረጽኩ።
ሸራው የኮምቦልቻ አቡጀዲ፣ በሙጫ የተቀባ፣
ዘይቱም ሌላ አይደለም፣ የምናውቀው ተልባ።
ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይላሉ፤ እኔ ግን አየሁ፣
ከአንዲት አረንጓዴ ጋር ስታገል ከረምሁ።

አንድ ማታ ሰዓዳ ሳታይ ለባለ ጃንጥላዋ ዓይን ሠራሁላት፣
ቅንድብ፣ ሽፋሽፍት፤ እንደ ጸጉር ቤቷ ቆንጆ ኩል ቀባሁላት።
ጠዋት መጣች፣ ቢላዋ አነሳች፣ ፋቀችው፤
"ዓይኗን ማን ጠየቀህ? ብርሃኑን ነው" አለች፣ ቢላዋውን ጠረገችው።

ተናደድኩ። ደጅ ወጣሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ፣
ጦሳ ጉሙን ጥሎ፣ ፀሐይ ወጥታ ከአናቱ፣
የቆመች ባጃጅ ጥላዋ አስፋልቱ ላይ፦ ጥቁር አይደለም፣ ወይን ጠጅ!
ስንት ዓመት ረግጬው አልፌያለሁ፤ አወይ ዓይን፣ አወይ እጅ።

የደሴ ጉም የዘይት ቀለም አያደርቅም። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፣
ጠዋት ማታ እየነካሁ፣ ጣቴን እያጣበቅኩ።
ኮምቦልቻ ይሞቃል አሉኝ፤ እህቴ ቤት ሊደርቅ፣
ሸራውን ታቅፌ ሚኒባስ ገባሁ፣ ስጠነቀቅ።
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሾፌሩ በፍጥነት ታጠፈ፣
የአንዲት ሴትዮ ትከሻ በወንዜ ላይ አለፈ።
ነጠላዋ ሰማያዊ፣ ወንዜ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
"ምነው አባቴ!" አለች። ሚኒባሱ ሁሉ ዞረ።
"ተልባ ነው እናቴ" አልኩ፤ ሌላ ቃል አጣሁ፤
ቆይታ ሳቀች፦ "አበባውም ሰማያዊ ነው፣ እርሻችን ላይ አይቻለሁ።"

ቦርከና ድልድይ ጋ ወርጄ ሸራውን ድንጋይ አስደገፍኩት፣
ላርመው ብሩሽ አወጣሁ። አየሁት። ተውኩት።
ነጠላ በጠረገው በኩል ውሃው ይሄድ ነበር፣
እኔ በሠራሁት በኩል ቆሟል፣ እንደ ተቀባ በር።

ሰኞ እንድሪስ ሥጋ ቤት ጠራኝ፤ በሬውን ዝናብ አጥቦታል፣
አደስኩት። ከእግሩ ሥር ግን ወይን ጠጅ ጥላ ተኝቷል።
"ምንድን ነው ይሄ? ከብቱን አሳመምከው!" አለ፤
"ውጣና የራስህን እይ" አልኩት። ወጣ። እግሩ ሥር አየ። ዝም አለ።
ቢላዋው እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ፣
"ዋጋ ግን አልጨምርም" አለ።