ሰባት ቤት

ደመናው ተገፎ፣ ሚጽፔ ራሞን ላይ፣
ከገደሉ አፋፍ ጥርት ያለ ሰማይ።
የጉልላቱ በር አቃስቶ ሲከፈት
ዋልያ መሳይ ፍየል በረገገ ድንገት።

ሥራዬ ቆጠራ ነው፤
ከጎረቤት ጋላክሲ፣ ከነጥብ አሸዋ መሀል፣
ወጣትነት የሸኘውን፣ እርጅና ያላገኘውን፣
ወገቡ ሰፍቶ ቢጫ የመሰለውን ኮከብ
አንድ በአንድ መመዝገብ።
ሃያ ሦስት ለቅሜ ነበር። ኖጋ አሥራ ዘጠኙን ሰረዘች፣
«ነጠላ ናቸው» ብላ በዕብራይስጥ።
ባማርኛ ሳስበው ሳቄ መጣ፤
እኔ የምፈልገው ጋቢውን ነውና።

እሱ ሲያብጥ፣ እሷ ስትቀርብ፣
መዞሪያዋ በየዙሩ ሲጠብ፣
አንድ ጋቢ ለሁለት ይሆናል በመጨረሻ።
እውስጡ የሚባባሉትን ሰሚ የለም፤
ከውጭ ግን ደመቅ፣ ደመቅ ይላል፣
ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ እንደ ተዳፈነ ፍም።
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ቀይ።

በስተደቡብ ወታደሮቹ የሚለማመዱበት መብራት ተተኩሶ
አሥር ደቂቃ ሙሉ ሥዕሌን አበላሸው።
ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው፣ ከነቲቮት፣
እንቅልፍ ሲከዳው።

«ዛሬስ ማንን ትጠብቂያለሽ?»
«ሊጋቡ ያሰቡ አሉ» አልኩት፣ ለቀልድ።
ዝም አለ። አባ ዋሴ በጋብቻ አይቀልድም፤
ስንቱን ሠርግ አስቀርቷል፣
ስድስተኛው ቤት ላይ ዝምድና መዝዞ።
«ተቆጥሯል? እስከ ሰባት ቤት?»
«ካንድ ጉም ነው የተወለዱት፣ አባዬ፤
ባንድ ወራት፣ ካንድ ማሕፀን።»
«ታዲያ አስቁሚያቸዋ!»
እናቴ ከጎኑ ነቅታ፣ «ደግሞ የማንን ትዳር ነው?» ስትል ሰማሁ።

ምን ብዬ ልንገረው?
ያ ብርሃን ከቤቱ ሲነሣ፣ እንኳን ሰባት ቤት፣
ሰባት የሚቆጥር ጣት ገና አልነበረም።
ሠርጉ አልፏል። ዳሱ ፈርሷል።
እዚህ የሚደርሰው ጥሪው ነው፤
ያውም ገና መንገድ ላይ።

«መቼ ነው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ዘንድሮ። ወይም የልጅ ልጆችሽ ሲያረጁ።»
«የማን ልጅ ልጆች?»
«የኔ ማለቴ ነው።»
«እሱንም ቀን ንገሪኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አራተኛው ኮከብ ካምናው በፀጉር ያህል ደምቋል፤
ወይ ደምቋል፣ ወይ አቧራው ነው ያታለለኝ።
ቁጥሩን ሞላሁ። ሰዓቱን ሞላሁ።
ማስታወሻ በሚለው ዓምድ፣ ኖጋ በማታነበው ፊደል፣
«ሽማግሌ ተልኳል፤ መልስ አልመጣም»
ብዬ ጻፍኩና
ጉልላቱን ልዘጋ ተነሣሁ።