ግራ የማይገባው

ሥራዬን ሰው ሲጠይቀኝ ትንሽ አፈር እላለሁ፤
የአሻንጉሊት ሮቦት ዜና መዋዕል እጽፋለሁ።
መቼ እንደተሠራ፣ መቼ እንደወደቀ፣ በየትኛው ዓለም፣
ከየትኛው ሞት እንደተነሣ፣ ማን አመነ፣ ማን አላመነም።
ጎንዛን ነው ስሙ። አርባ ዓመት በካርቶን ተሽጧል፤
በፊልም አንዴ ሞቷል፣ በመጽሐፍ ሦስቴ ድኗል፤
በአንዱ መስመር ንጉሥ ነው፣ በሌላው ዝጎ ተጥሏል።

ዓለማቱ ዘጠኝ ናቸው።
በዘጠኝ ቀለም ክር ከግድግዳው ወጥሬአቸው፣
የጥበቃው ድመት እንዳትበጥሳቸው
በሩን እቆልፋለሁ።
ሰባተኛው ክር ጋ ስደርስ ግን፣ እጄን እሰበስባለሁ።

በሰባተኛው ዓለም ጎንዛን ግራ እጅ የለውም።
ሁለቱም ቀኝ ነው።
ደራሲዎቹ ምክንያት አላጡለትም፦
"ከጨረቃው ጦርነት በፊት ጊዜ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣
ግራው በወዲያ ማዶ ቀረ፤ ቀኙ ተደገመ በመብረቅ።"
ልጆች አመኑ። ልጅ ለማመን ብዙ አይቸገርም።

እውነቱ ግን አባቴ ነው።

ካትሱሺካ፣ ከናካጋዋ ወንዝ ዳር፣ በሰኔ ዝናብ፣ በሌሊት፣
ኢዋኪቺ ማሽኑ ላይ ቀኙን ቅርጽ ሁለቴ ሰካበት።
እናቴ ምጥ ላይ ነበረች። ስልኩ ያለው ፋብሪካው በር፤
ይሄዳል፣ ይደውላል፣ ይመለሳል፤ እጁ ብቻ ነበር
የሚሠራው፤ ልቡ ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።
ሲነጋ እኔ ተወለድኩ።
አራት ሺህ ትርፍ ቀኝ እጅ እንደ ጨው ተከምሮ፣
አለቃው ቆሞ ያየዋል፣ ሲጋራው ጣቱ ላይ አሮ።

መጣል ኪሳራ ነው፤ ሳጥኑም ታትሟል፤
የሐምሌ ገበያ ደርሷል።
"ለዚህ ስሕተት ዓለም ጻፍ" ብለው ደራሲውን ቀሰቀሱት፤
በማግሥቱ ሰማይ ተሠራ፤ ሁለት ፀሐይ ሰቀሉበት።

ዘንድሮ አዲሱ አለቃ ሙሮፉሺ፣ ከረባቱን እያጠበቀ፣
"ዘጠኝ ዓለም ለገበያ በዛ" አለ፣ ሰሌዳውን እየፋቀ፤
"አንድ ልደት፣ አንድ ሞት፣ አንድ ትንሣኤ፤
ሰባተኛው ስሕተት ነው፣ ይሰረዝ።" በዚያ ሁሉ ጉባኤ
"ስሕተቱ የልደቴ ቀን ነው" ብሎ ማን ይናገራል?

እሑድ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ፤ የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
እሱም አሁን የራሱ መስመሮች አሉት፣ ማንም ጸሐፊ የማያስታርቅ።
ጠዋት ባል ነው፤ "ፉሚዬ" ይለኛል፣ በእናቴ ስም፤
ከምሳ በኋላ ወንደላጤ ነው፣ እኔ ገና የለሁም፤
ሲመሽ ልጅ ነው፤ አውሮፕላን ይሰማዋል፣ ጦርነቱ አላለቀም።
ድሮ አርመው ነበር። "እናቴ ሞታለች፤ ሚዮ ነኝ፣ ልጅህ ነኝ።"
እንደ አዲስ ያለቅስ ነበር፤
ለአንድ ሞት በየሳምንቱ መርዶ ነጋሪ ሆንኩኝ።
ተውኩት።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ጎንዛንን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።
የተፋቀ ቀይ ደረቱን ዳሰሰ፤ አገላብጦ አውራ ጣቶቹን ቆጠረ።
"ይሄ የኔ ጥፋት ነው" አለ። ዓይኑ ጠርቶ ነበረ።
"ልጄ የተወለደች ሌሊት።"
ቆየት ብሎ ሳቀ።
"ግን አየሽ፣ እሱ ሁለት ሰው በአንዴ መጨበጥ ይችላል።"

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን አንድም ደራሲ አላሰበው።
አንዱን ቀኝ እሱ በሁለት ጣቱ፣ ሌላውን እኔ ያዝነው፤
መሐላችን ቆመ፣ ግራ የሌለው፣ ግራ የማይገባው።
ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ በትሕትና፣
"ይቅርታ፣ ማን ልበል?" አለ።

ሰኞ ሪፖርቱ ላይ "ተሰርዟል" ብዬ ጻፍኩ።
ክሩን ግን ከግድግዳው ፈትቼ በግራ እጄ አሰርኩ።
በሩንም አልቆለፍኩ።
ድመቷ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች፤
ስጽፍ ስጽፍ ክሩን በዓይኗ ትከተላለች።