ሽው ያልኩት ውሻ

የነፋሱን ማማ ሊጠግን የመጣው ተከራዬ
የሁለት ወሩን ሳይከፍል ሄደ፤ ውሻውን ትቶ በኪራዬ።
«ሯጭ ነበረ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው፣
«ባገሬ ሜዳ ያሸንፍ ነበር፤ አሁን ጡረተኛ ነው።»
ጆሮው ውስጥ ቁጥር ተነቅሷል፣ አረንጓዴ፣ እንደ ዕቃ፤
ታክሲው ጡሩምባ ነፍቶ ሄደ፤ ስሙም አብሮት ሄደ በቃ።

እኔ ሽው አልኩት። ሌላ ምን ይባላል በአዳማ፣
ያሰጣሽውን አንሶላ ነፋስ ለጎረቤት በሚያለብስ ከተማ?

የመጀመሪያው ሳምንት ስድብ ነው።
«ምን በደለሽ? ለምን አስራብሽው?» ይላሉ፣ ጎድኑን እየቆጠሩ፣
የዳቤ ሴቶች፣ ከንፈር እየመጠጡ፣ ብቅ እያሉ በአጥሩ።
ከበዳሶ ሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ በየቀኑ እየገዛሁ፣
«ለማን ነው?» ሲለኝ «ለእንግዳ» እያልኩ እየዋሸሁ፣
ባበላው ባበላው ያው ነው፤ የተወጠረ ቀስት፣
ሆዱ የተገለበጠ ኪስ፣ ደረቱ የጀልባ ፊት።

መቀመጥ አይችልበትም። ወይ ይቆማል፣ ወይ ይተኛል።
ከሃያ አራቱ ሰዓት ሃያውን
ከልብስ ስፌት መኪናዬ ሥር።
ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር እግሮቹ በህልሙ ይሮጣሉ፤
የሰፈር ልጆች በበር አጮልቀው «ሯጩ የታለ?» ይላሉ።
አይጮህም። ሌባ ቢመጣ መንገድ ያሳየዋል።
ብርድ አይችልምና ከተረፈኝ የዩኒፎርም ጨርቅ ካፖርት ሰፋሁለት፣
ትከሻው ላይ የትምህርት ቤቱ አርማ እንዳለበት።
ላስከትበው ስወስደው የእንስሳት ሐኪሙ
ካርዱ ላይ «ዝርያ» ከሚለው ፊት ብዙ አሰበ፤
መጨረሻ ላይ «ቀጭን» ብሎ ጻፈ።

ነገሩን የጀመረው ሁንዴ ነው፣ ባለ ጋሪው።
«ሯጭ ከሆነ ከፈረሴ ከጄት ጋር ይግጠም፤
ሁለት መቶ ብር እናስይዝ።»
ምን እንደነካኝ እንጃ፤
በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣
ዕቁብ እንኳ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰኝ ሴትዮ፣
«እሺ» አልኩ።

እሁድ ማለዳ፣ አሮጌው የሞጆ መንገድ፣ ከባድ መኪኖች ሳይነቁ፤
ሁንዴ ጅራፉን አጮኸ፣ እኔ ማሰሪያውን ለቀቅኩ።
ወይ ጉድ!
ያ እንቅልፋም፣ ያ የአጥንት ክምር፣
መሬት የሚነካው ለይሉኝታ ነው።
አራት እግሩ ተሰብስቦ፣ ተዘርግቶ፣
አስፋልቱን እንደ አቡጀዲ በመቀስ ቀደደው።
ጄት ገና አቧራውን ሲያስነጥስ፣
ሽው —
ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም፤
በልቤ ሁለት መቶውን ተቀብዬ
ክር ገዝቼበታለሁ።

ያኔ ነፋሱ አንድ ሰማያዊ ፌስታል አመጣ።
ከየት እንደሆነ አዳማ ያውቃል።
ፌስታሉ መንገዱን አቋረጠ፤ ሽውም አቋረጠ።
በጤፍ ማሳው፣ በግራሩ፣ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ማማዎቹ፣
ነጥብ ሆነ፤ ጠፋ።
ጄት ዱብ ዱብ እያለ፣ ብቻውን፣ አሸነፈ።

ሁንዴ ብሩን አልቀበልም አለ። ኪሱ ከተትኩለት፤
መሸነፍ ካልቀረ በወጉ ነው።

ሲመሻሽ አገኘሁት፣
ከሦስተኛው ማማ ሥር፣ የክንፎቹ ጥላ እየዞረበት፣
ምላሱ በአፈር፣ ፌስታሉ በሁለት መዳፉ መሀል።
ተከራዬ አንድ ማታ በእጁ እያሳየ አጫውቶኝ ነበር፤
እዚያ አገር የሚያባርሩት ጥንቸል የጨርቅ ነው፣
በሐዲድ ላይ ይጎተታል፣
ማንም ይዞት አያውቅም፤ እንዳይያዝ ነው የተሠራው።

ፌስታሉን ላነሳ ጎንበስ ስል፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮኸብኝ።

ተውኩለት።

ሁንዴ እስካሁን «የመልስ ግጥሚያ» ይላል።
ሰማያዊው፣ ባዶው፣ ከመኪናዬ ሥር አብሮት ያድራል።
ፔዳሉን ስረግጥ
እግሮቹ አይሮጡም።