የጭቃ መደብ

ስልሳ ስምንት፣ ነሐሴ። የጅማ ዝናብ ፋታ አያውቅም፤
ቆርቆሮው እስከጮኸ ወሬያችን ከግድግዳ አይዘልቅም።
አራት ሆነን ተሰብስበን፣ ከአዴ ሩቂያ የጭቃ መደብ፣
ክርክሩ የሩቅ አገር ነው፦ «የሶቪየት መንግሥት የማን መደብ?»

«ፋብሪካው ተወርሷል» ይላል ዳምጠው፣ ጣቱን እየቀሰረ፣
«አክሲዮን የለ፣ ውርስ የለ፤ ከበርቴ ከየት ተፈጠረ?
ቢጎብጥም የወዝ አደር ነው፣ ቢታመምም የእኛው ነው፤
የታመመ አባትህን ‹አባቴ አይደለም› ልትለው ነው?»

ነዚፍ ሳቀ። ሲስቅ ያስፈራ ነበር፣ ጥርሱ ሳይታይ፤
«ወረቀቱን ተወውና ቁልፉን የያዘውን እይ።
ማን ያዛል? ማን ይሾማል? ትርፉን ማን ነው የሚመድብ?
ንብረት የሁሉ ከተባለ፣ ቁልፍ ያዡ ነው አዲሱ መደብ።»

እኔ መሀል ሰፋሪ፣ በሮኒዮ የተባዛ ወረቀት ሳገላብጥ፣
ገጽ ዐሥራ ሁለት ጠፍቶብኝ፣ መልሱ እዚያ ያለ መስሎኝ ስቁነጠነጥ፤
ትርሲት ከበሩ አጠገብ፣ ጆሮዋ ውጭ፣ ኮቴ ስትጠብቅ፣
«ቶሎ ወስኑ» ትለናለች፣ «ዝናቡ ሳያባራ፣ ሻማው ሳያልቅ።»

አዴ ሩቂያ ገባች። ከቡና መጋዘን፣ ከለቀማ፤
ጉፍታዋን ጨመቀች ዝም ብላ፣ እየሰማች እንደማትሰማ።
መጋዘኑ ዓምና ተወርሷል፤ የነጋዴው ስም ተፍቋል፣
በቀይ ቀለም «የሕዝብ ሀብት» ተብሎ በሩ ላይ ተጽፏል።

ዳምጠው እንደ ምስክር አያት፦ «እስቲ እናቴ፣ ምን ተለወጠ?»
«ቀለሙ» አለች። አሰበችና፣ «ሚዛኑ እዚያው ተቀመጠ።
መዛኙም አልተነሣም፤ ድሮ ‹ጌቶች› ነበር የምንለው፣
ዘንድሮ ‹ጓድ በሉኝ› አለን። ለኪሎው ያንኑ ነው የሚከፍለው።
አረፋን ግን በዓል ተብሎ አረፍን፤ ልጄም ማታ ፊደል ይቆጥራል።»
ሁለቱም እኩል «ይኸው!» አሉ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

በዓመቱ ክርክሩን ሌሎች ጨረሱት፣ ጥቅስ ሳያነሡ፤
ነዚፍን በባዶ እግሩ ወስደው ጫማውን ብቻ መለሱ።
ትርሲት በቦንጋ መንገድ ወጣች፤ አልተመለሰችም።
እኔ ዝም አልኩ። ለዝምታዬም ጥቅስ አላጣሁለትም።

ዳምጠው ለትምህርት ተልኮ፣ ከኦዴሳ ጻፈልኝ፣ በክረምት፦
«ብርድ ነው። ቡና ላክልኝ። ለድንች ተሰልፌ ሳለሁ ትናንት
ሻጯ ሚዛኑን በአውራ ጣቷ ተጫነች፤ አየኋት፣ አየችኝ።
ወይ ወዝ አደር ናት፣ ወይ ቁልፍ ያዥ፤ እንጃ፣ ድንቹን ግን ሰጠችኝ።
ለነዚፍ ንገረው፤ ገና አልተረታሁም፤ ስመጣ እንቀጥላለን።»
ጫማው ከመደቡ ሥር ነው። እኔም ጻፍኩ፦ «እንጠብቅሃለን።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእርሻ ኮሌጁ ጀርባ የቡና ችግኝ አፈላለሁ፤
ጥቁር አፈር፣ አሸዋ፣ ፍግ፤ ጎንበስ ብዬ መደብ እደለድላለሁ።
«ጋሼ፣ ይኼ መደብ የማን ነው?» አለኝ አንድ ተማሪ ባለፈው።
ችግኙን ማለቱ ነበር። እኔ ኪሴን ዳበስኩ፤
ገጽ ዐሥራ ሁለት እንደጠፋ ነው።