ሐሙስ እደውላለሁ

ሴቱባል ወደብ ላይ ትኬት ሻጭ ነኝ እኔ፣
መልስ ያጣ መንገደኛ አይቶ አያውቅም ዐይኔ።
በጥር «ካንሰር ነው» ሲሉኝ፣ «ጡትሽ ላይ፣ በግራ»፣
ከገዛ መስኮቴ ወዲያ ማዶ ዞሬ ያዝኩኝ ተራ።

ዙልሚራ ጎረቤቴ ቅጠል ቀቅላ መጣች፣
«ስኳር ብቻ ተዪ፣ በወር ይጠፋል» እያለች።
ወንድሜ አዴሊኖ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣
ያገኘውን ሁሉ አመጣልኝ ገልብጦ፤
አንዱ «ጹሚ» ይላል፣ አንዱ «ብዪ» ይላል፣
አንዱ ጠብታ ይሸጣል፣
ዋጋው የሁለት ወር ደሞዜን ያህላል።
ሁሉም እርግጠኛ። ካንዱም አፍ «ምናልባት» አልወጣም።
እኔ ደግሞ ሌሊት፣ እንቅልፌን ጥዬ፣
ከመቶ ስንቷ ትተርፋለች ብዬ፣
ራሴን ከመቶው መሃል ስፈልጋት፣
ነጋ።

ማክሰኞ፣ ነርሷ ሉዶቪና
ወረቀቶቹን አንድ ባንድ አነበበች፤ አልሳቀችም።
በሰማያዊ እስክሪብቶ ይህን ሰርዛ፣ ያን አስምራ፣
«ይሄ እውነት ነው፤ ይሄ ውሸት፤
ይሄኛው እውነት ነው፣ ግን የሌላ ሰው በሽታ፤
ያንቺ አይደለም» አለችኝ።
«ቅጠሉስ?» አልኳት።
«አላውቅም። ጠይቄ ሐሙስ እደውላለሁ።»

አላውቅም።
ከዚያ ሁሉ ወሬ መጀመሪያ ያመንኩት ቃል።

ሐሙስ፣ ዝናብ እየጣለ፣ የትሮያ ጀልባ ሊነሳ ሲል
ደወለች።
«ቅጠሉ ከመድኃኒትሽ ጋር አይስማማም፤ ተዪው።
ይዛው የመጣችውን ሴት ግን እንዳትተያት፤
በመርፌሽ ቀን አብራሽ ትምጣ።»

ስልኩን ሳስቀምጥ አንድ ሽማግሌ መስኮቱን አንኳኩ፤
«ማታ ባሕሩ ይረጋ ይሆን?»
«አላውቅም» አልኳቸው፣
በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፤
«ይቆዩ፣ ልጠይቅልዎ።»