ሟቹ ራሱ መጣ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚህ መስኮት ኋላ፣
የማውቀው ወራሽ ነው፤ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ነጠላ፣
የሞት ምስክር ወረቀት ከነፎቶ ኮፒው፤
ሰው ካለቀ ወዲያ ነው የሚጀምር ሥራው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
የአረቦን ደረሰኙን በጎማ አስሮ፣ ወረፋ ጠብቆ በተራ፣
ሟቹ ራሱ መጣ።

ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዐረፈ፣
ውሉን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፈ።
«ነዚፍ አባ መጫ እባላለሁ» አለ።
«ሂርማታ፣ ቡና መጋዘን፣ ባለሚዛን ነበርኩ፤
አርባ ዓመት የሰው ጆንያ ሰቅዬ አወረድኩ።
ትናንት ማንም ሳያይ እኔው ወጣሁበት፤
ስልሳ ኪሎ ነው ጆንያ፤
ዘጠኝ ኪሎ ጎደልኩበት።»
ሳቀ። ሳቁን ሳል በላበት።

የሆስፒታሉ ወረቀት ሁለት መስመር አይሞላም፤
ሳንባ ይላል፣ ስድስት ወር ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አይልም።
እሱ ግን ውሉን ገልብጦ አሳየኝ ጀርባውን፣
ስንሸጥ ዘለን የምናልፈውን፣ ደቃቅ ጽሑፉን፦
«ባለውሉን የማይድን ሕመም ከያዘው፣
ሐኪምም ካረጋገጠው፣
ከመድኑ ግማሹን በሕይወት ሳለ ይወስዳል፤
ቀሪው ለወራሽ ኋላ ይከፈላል።»

ስንሸጥ «ለልጆችህ» እንላለን፣ «ለሚስትህ»፤
ለማንም ብለን አናውቅም፣ «ለራስህ»።

ቅጹን ፈለግሁ። መሳቢያው ውስጥ የለም፤ ሥራ አስኪያጁም አያውቀው።
ያለኝ ያው የድሮው ነው፣ «የሟች ስም» የሚለው።
«ሟች»ን ሠርዤ «ባለውል» ልጽፍ ስል
«ተይው እህቴ» አለኝ፣
«ስድስት ወር ብቻ ነው የቀደመኝ።»

ፊርማው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።
«የሞቴን ግማሽ በቁሜ ብበላ፣
ለመፍቱሃ ምን ይተርፋል ኋላ?
አርባ ዓመት ጣቴን ሚዛን ላይ ጭኜ አላውቅም፤
በሚስቴ ድርሻ አልጀምርም።»

እኔ አንቀጹን እንጂ መልሱን አላውቀው።
የመለሰችለት እሷ ናት፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ
ራጁን ታቅፋ የቆየችው፦
«ሌሊት ሲያቃስት የምሰማው እኔ ነኝ፤
ኋላ የሚመጣው ብር
ጆሮዬን አይደፍንልኝ።
ፈርም ነዚፍ። ባጃጁ እየጠበቀን ነው።»

ፈረመ።

ጥቅምት ላይ መጣች፣ ለቀሪው ግማሽ፣
እንደሌሎቹ ሁሉ፣ በጥቁር ሻሽ።
ማስረጃው ተሟልቷል፤ አንድም አልጎደለ።
ደብተር ደግሞ አስከተለች፣ ሃምሳ ገጽ፣ የተማሪ ቤት፤
«ይኼ አይጠየቅም» ስላት፣
«እሱ ነው ያለኝ፣ ‹አሳያት›።»

በባለሚዛን እጅ፣ ቀጥ ባለ መስመር፦
የማስታገሻ መርፌ፤ ሌሊት ለምትመጣው ነርስ ብር።
የኮቼው ሱቅ ዱቤ፣ የሦስት ዓመት፣ ተዘጋ።
ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከፍ ያለ፣ ጥሩ አልጋ።
ለኢክራም የኮሌጅ ክፍያ፣ አንድ ሴሚስተር።
ብርቱካን። ብርቱካን። እንደገና ብርቱካን።
(ከጎኑ፦ «አልበላሁትም፤ አሸተትኩት።»)

ከዚያ፣ የነሐሴ ጭጋግ የገለጠ ቀን፣
ጅሬን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መግቢያ፣ ለሁለት ሰው።
«ስልሳ ሦስት ዓመት ከታች ሆኜ ሳየው
ገብቼ አላውቅም ነበር።
ከሰገነቱ ጅማ ትታያለች።
የመጋዘናችን ቆርቆሮ ዝጓል፤ ለማን ይነገር?»

ከሥሩ፣ ቀለሙ ቀጥኖ፣ ፊደሉ ተንጋዶ፦
«ባጃጅ፣ ደርሶ መልስ፣ ሦስት መቶ ብር።
ውድ ነው።
አልተከራከርኩም።»