የሚያልበው ስንዴ

ዳይድ ሳትነቃ፣ ጎሕ ሳይቀድ ገና፣
መብራት አስሬአለሁ ከሻሼ በላይ፣ ከቅንድቤ ቀና፤
አንዲት የስንዴ ዛላ በሁለት ጣቴ ይዤ፣
ወንዴውን እነቅላለሁ፣ ሦስት ሦስት እየቆጠርኩ፣ መቆንጠጫ መዝዤ።
አረንጓዴ ሳለ፣ ቢጫ ሳይሆን በፊት፣
ብናኙ ሳይፈስስ፣ ሳይሆን የጓዳ ሠርግ፣ ምስክር የሌለበት።
ስንዴ ሲተዉትማ ራሱን ነው የሚያገባ፣ በሩን ዘግቶ ውስጥ፤
"ሌላ ልዳርህ" ያለ፣ ከፀሐይ ቀድሞ ነው ደጁ የሚቀመጥ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?" ሲሉኝ ቤተሰቦች በስልክ፣
"ሽማግሌ ነኝ" እላለሁ፣ "ከስንዴ ቤት ወደ ስንዴ ቤት የምላክ።"

ዶክተር ሙዝና ግን ዘር ስትቆጥር ሰባት ቤት አይበቃት፤
"ሦስት አያት አሉት" ትላለች፣ "ሦስቱም የዱር ሣር፤
አንዷማ እስከ ዛሬ የታወቀ ስም የላት።"
ሙቀት የሚያስችለው የትኛው ክር ላይ ነው? አንድ ቀን ጠየቅኳት፤
ሳቀች፤ "አንድ ቢሆን እኮ ትናንት በያዝናት!
እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ፣ ተበትኖ ነው ያለ፣
ብቻውን የቆመ ለአንድ ቀትር እንኳን በቅጡ አልዋለ።"
"ድር ቢያብር" ልል ስል በዐረብኛ፣ አንበሳው ጠፋብኝ፤
"ድር ቢያብር ድመት ያስር" አልኩኝ።
ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪው ሁሉ
"ድመቷ ታሰረች ወይ?" ይለኛል ሲያገኘኝ።

ሙቀት ሲበረታ፣ በቅጠሉ ገላ ውስጥ በወግ ታጥፎ የኖረው
ፕሮቲን ይፈታል፤ ቅርፁም፣ ሥራውም ይጠፋዋል የነበረው።
ያን ጊዜ ሞግዚቶች ይነሣሉ ካሉበት፣
ያነሡታል፣ ያጥፉታል፣ መልሰው እንደነበረበት።
ይህን ሳልማር አውቀዋለሁ፤ ሻርጃ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣
አራት ዓመት ሞግዚት ነበርኩ፤
የሚታጠፍ ልብስ፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ የማያልቅ።

ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ከምንጃር ነው የመጣ፣
በፖስታ ታሽጎ ከዘር ባንክ፣ ከበረዶ ክፍል የወጣ።
"ያገርሽ ልጅ" አሉኝ። ምን ልበል? የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ነኝ፣
ስንዴ ከነሥሩ ቆሞ ያየሁት እዚህ ነው፣ በረሓ ከገባሁኝ።

መጋቢት ላይ ሰሙም መጣ፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፤
ሰማዩ የተነፋ አመድ፣ የማሳው መልክ ገለባ፣ ሽበት።
የሙቀት መለኪያውን እያነጣጠርኩ በመስመሩ ስሄድ፦
ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት።
አራት መቶ አሥራ ሰባት ጋ ስደርስ፣ ሠላሳ ሦስት።
"ተበላሽቷል" ብዬ መታሁት መሣሪያውን፤
ደግሞ ሠላሳ ሦስት። እጄን ሰደድኩና ነካሁት ቅጠሉን።
ቀዝቅዟል።
"ያልበዋል" አለች ሙዝና፣ "ከሥሩ ስቦ ገላውን ያበርዳል።"
አንገቴን ጠረግኩ። ጨው።
እኔንም ያልበኛል፤ ለኔስ ማን ቁጥር ይሰጠኛል?

ዓርብ ፓምፑ ቆመ፤ ኩንጁሞን ለጸሎት ዱባይ ነው።
እሑድ ማታ ነው ውኃው የተመለሰ፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት፣ ያን ያህል ሲጠጣ ከርሞ፣
ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ ተልፈሰፈሰ።
ላብ ውኃ ይወዳል፤ ያበረደው ያው ነው የገደለው፤
ሙዝና ዝም አለች፤ እኔም ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ፤ ምን ልበለው?

በሩቁ ጥግ ደግሞ ዘጠና ሁለት፣ ድንክዬ፣ ማንም ያልተመኛት፣
ጥር ላይ አብባ፣ ፍሬዋን ቋጥራ ነበር፤
ሰሙሙ ሲደርስ ገለባዋን ብቻ አገኛት።
ጀግንነት ነው? ሽሽት ነው? አላውቅም፤
ዛላዋ ላይ ሠላሳ አንድ ፍሬ ቆጠርኩ፤ ፍሬ አይዋሽም።

ዘንድሮ አዘግይተን ዘራናት፣ የአበባቸው ቀን እንዲገጥም።
የሱን ጥም፣ የሷን ችኮላ ብቻ ቢወርስስ ልጃቸው? ሙዝናም አታውቅም።

ዛላውን ከረጢት አለበስኩት፣ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩ፣ በክር አሰርኩት፤
"ከሦስት ቀን በኋላ ብናኟን ይዤ እመጣለሁ" አልኩት።
"ሰባት ቤት ቆጠርሽ?" አለች ሙዝና ከኋላዬ፣ ሻይዋን ይዛ።
"ቆጠርኩ፤ ሁሉም የእነዚያው የሦስቱ አያት ልጅ ነው፤
ባገሬ ደንብ ይህ ሠርግ ፈራሽ ነው።"
ፀሐይ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ብቅ አለች። ሌላ ዛላ ያዝኩ።
ጀርባዬን ያልበው ጀመር፤ ቀኑ ገና ነው።